ጀላቲ የሚሠራው ምድጃ ላይ ነው

ድሬዳዋ በግንቦት መጨረሻ ሌሊቱም አይበርድም። ከአዲስ አበባ ተዛውረን ከመጣን ገና ዘጠነኛ ወራችን ነው። ሁለቱ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁኝ ጀላቲ ነው። አንድ ቀን ከመንገድ የገዙት ሆዳቸውን ሲያማቸው እቤት ልሠራላቸው ወሰንኩ። ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ፈሳሽ እንዴት ወደ ጠጣር እንደሚለወጥ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱም አልተበሉም። በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሦስቱንም ቅሪት በሳህን ይዤ ከዚራ በሚባለው ሰፈራችን ጎረቤቴ የሆኑትን የእትዬ ብርቄን በር አንኳኳሁ። ከ20 ዓመት በላይ ጁስ ቤት ነበራቸው። ሥራውን ከተዉት ቆይተዋል፤ ትልቁ ፍሪዘር ግን እስከ ዛሬ ሳሎናቸው ጥግ ቆሞ ያጉረመርማል።

እትዬ ብርቄ፦ ግቢ፣ ግቢ። በዚህ ፀሐይ ምን ተሸክመሽ ነው?

እኔ፦ እንዴት አደሩ እትዬ? ጀላቲ ሠርቼ አልሆን ብሎኝ ነው። እንዲቀምሱልኝ።

እትዬ ብርቄ፦ «አደሩ» ትለኛለች አሁንም! ድሬ ውስጥ አንቱታ የለም አላልኩሽም? አንቺ በይኝ።

እኔ፦ አፌ እሺ አይለኝም፣ ይተዉኝ። እናቴ ብትሰማ ትቆጣለች።

እትዬ ብርቄ፦ እንዳሻሽ። በይ ሳይቀልጥ አምጪው። … ይሄስ ድንጋይ ነው። ምን አደረግሽበት?

እኔ፦ ወተትና ሙዝ ብቻ ነው። ስኳር የልጆቹን ጥርስ ይጎዳል ብዬ ተውኩት።

እትዬ ብርቄ፦ ለዚህ ነዋ! ስኳር እኮ የሚገባው ለመጣፈጥ ብቻ አይደለም። ስኳር የሌለው ወተት እንደ ውሃ ነው የሚጠነክረው፣ ጥርስ አያስገባም። ስኳር ሲያገኝ ይለዝባል።

እኔ፦ ይህንንስ አስተምረዋለሁ። በአንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ 342 ግራም ስኳር ከሟሟ፣ ውሃው በረዶ መሆን የሚጀምረው ዜሮ ዲግሪ ላይ ሳይሆን ከዜሮ 1.86 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ነው። ቀድሞ በረዶ የሚሆነው ንጹሕ ውሃው ነው፤ ስኳሩ ወደተረፈው ፈሳሽ ይገፋል። ያ ፈሳሽ ስኳሩ እየበዛበት በሄደ ቁጥር ደግሞ ከቀድሞው የባሰ ብርድ ካላገኘ አይጠነክርም። ስለዚህ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ቢደርስም በበረዶው ቅንጣቶች መሃል ትንሽ ሽሮፕ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል። ጥርስ የሚያስገባው እሱ ነው። ሰሌዳ ላይ የማውቀውን ድስት ላይ አለማሰቤ ነው የቆጨኝ።

እትዬ ብርቄ፦ እኔ ዲግሪውን አላውቀውም፤ የማውቀው ምላሴን ነው። ፎርማው ውስጥ ከመጨመርሽ በፊት ቅመሺው። «ትንሽ በዛ» ካልሽ ልክ ነው፤ «ልክ ነው» ካልሽ አንሷል። ብርድ ምላስን ያደነዝዛል፣ ጣፋጩን አታገኚውም። ለጥርሳቸው ካሰብሽ ፍሬውን ምረጪ። ከዛፉ የተቀጠፈበት ጋ ስታሸቺው ሽታው የሚጠራሽ፣ ልጣጩ መጨማደድ የጀመረ ማንጎ ብዙ ስኳር ያድንልሻል። ሙዝም ጥቁር ነጥብ ካላወጣ ለጀላቲ ገና ነው። ሰዉ ለመብላት የማይፈልገውን፣ ባለሱቁ አርክሶ የሚሸጠውን ነው የምትገዢው።

እኔ፦ እኔ ደግሞ ያማረውን፣ ጠንከር ያለውን ነበር የመረጥኩት።

እትዬ ብርቄ፦ እሱ ለሰላጣ ይሁን። ሁለተኛውን አምጪ እስቲ። … ኧረ ይሄ መረረኝ! አናናስ ነው?

እኔ፦ አናናስ በወተት። ስፈጨው ማር ነበር። በማግስቱ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።

እትዬ ብርቄ፦ ጥሬውን ነው ያደረግሽው። ጥሬ አናናስና ወተት አብረው አያድሩም። ጁስ ቤት አናናስ በወተት ያዘዘ ሰው ካለ ወዲያው ፈጭተን ወዲያው ነበር የምንሰጠው። ቁጭ ካለ ይመራል። ፓፓያም እንደዚያው ነው። ለጀላቲ ሲሆን አናናሱን ከትፈሽ ከስኳሩ ጋር 5 ደቂቃ ያህል ታንተከትኪዋለሽ። ከዚያ ጠባዩ ይታረማል።

እኔ፦ ቆይ … ገባኝ! አናናስ ውስጥ ብሮሜሊን፣ ፓፓያ ውስጥ ፓፓይን የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ። ሥራቸው ፕሮቲን መቆራረጥ ነው፤ ጠንካራ ሥጋ በጥሬ ፓፓያ የሚለሰልሰውም በዚህ ነው። የወተቱን ፕሮቲን ሲቆራርጡት ከቁርጥራጮቹ አንዳንዶቹ መራራ ናቸው። ብርድ ሥራቸውን ያዘገየዋል እንጂ አያስቆመውም። እሳት ግን ኢንዛይሙን ራሱን ያበላሸዋል። እርስዎ «ጠባዩ ይታረማል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

እትዬ ብርቄ፦ ስም ማወቅሽ ደግ ነው። ሦስተኛው ይሄ ነው? ምነው ፍርፍር አለ?

እኔ፦ ወተቱን አፈላሁት፤ ትኩስ እንዳለ የብርቱካን ጭማቂ ጨመርኩበት።

እትዬ ብርቄ፦ አይብ ነዋ የሠራሽው! እናትሽ አይብ ስታወጣ አላየሽም? አሬራ የሚቋጠረው እሳት ሲያገኝ አይደል? ጎምዛዛና ሙቀት ከተገናኙ ወተት ይቋጠራል። ወተቱ ይፍላ፤ ከዚያ ጣትሽን ስትነክሪበት ሙቀቱ እስከማይሰማሽ ድረስ ይቀዝቀዝ። ፍሬው የሚገባው ያኔ ነው። ብርቱካንና ሎሚን ደግሞ ለውሃው ጀላቲ ተያቸው፤ ከወተት ጋር ምን አጣላቸው?

እኔ፦ ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን የፈሳሹ ፒኤች 4.6 አካባቢ ሲደርስ ይቋጠራል። ሲሞቅ ደግሞ እዚያ ሳይደርስም ይቋጠራል። የእናቴ የአይብ ድስት ትዝ ሊለኝ ይገባ ነበር።

እትዬ ብርቄ፦ ስሚኝ ልጄ። ሦስት ቦታ የተሳሳትሽ ይመስልሻል፤ ስህተቱ ግን አንድ ነው። ሁሉንም ነገር ፍሪዘሩ ይሠራልኛል ብለሽ አስበሻል። ፍሪዘር ምንም አይሠራም። የሰጠሽውን ይዞ ያስቀምጥልሻል እንጂ። ጀላቲ የሚሠራው እዚህ ምድጃው ላይ ነው። ተነሺ፣ ያንን ሰፊውን ድስት አውርጂው። ወተት አለኝ፣ ጠዋት የመጣ ነው።

ተነሣሁ። ወጥ ቤታቸው ጠባብ ነው፤ በመስኮቱ የጎረቤት የኒም ዛፍ ይታያል። 1 ሊትር ወተት ድስቱ ላይ ገለበጡና እሳቱን መካከለኛ አደረጉት።

እትዬ ብርቄ፦ አንድ ጊዜ ቡልቅ ብሎ ይፍላ። የላሟን ባለቤት አውቃታለሁ፣ ንጹሕ ሴት ናት፤ ቢሆንም ሳላፈላ አልነካውም። ጥሬ ወተት ፍሪዘር ውስጥ ጨምረው የሚሠሩ አሉ። ብርድ ጀርምን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም፤ ልጁ አፍ ውስጥ ሲገባ ይነቃል።

እኔ፦ እውነት ነው። ብሩሴሎሲስ በጥሬ ወተት ይተላለፋል፤ ጀርሙ በረዶ ውስጥ ሰንብቶም ይኖራል። የኔዎቹን ያመማቸው የወተቱ ይሁን የውሃው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ የሚሸጠውን ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ።

እትዬ ብርቄ፦ ሻጩ ላይ አትናደጂ። ያ ልጅ በዚህ ፀሐይ ሳጥን ተሸክሞ የሚዞረው እናቱን ለመርዳት ነው። «በምን ውሃ ነው የምትሠሩት? ታፈሉታላችሁ?» ብለሽ ጠይቂው። እኔ የምጠይቃቸው አሉ፤ አሁን አፍልተው ነው የሚሠሩት። የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ ክፋት አይደለም። … አማስዪ እንጂ! እያወራሽ ስልባቦቱ ይይዝብሻል።

እኔ፦ ይቅርታ። ስልባቦቱን ላውጣው?

እትዬ ብርቄ፦ በፍጹም! ጎንና ጎኑ ላይ የሚጣበቀውን በማንኪያ እየፋቅሽ መልሺበት። ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ይህን ያሳዩኝ ጎረቤታችን የነበሩ ህንዳዊት ናቸው። ልጅ ነበርኩ። ያኔ ድሬ ህንዱም፣ አረቡም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም ነበረባት። ሴትዮዋ ወተቱን ጠዋት ይጥዱና ግማሹ እስኪቀር ቀስ እያሉ ያበስሉታል፤ ከዚያ ሄል፣ ስኳር፣ የተወቀጠ ለውዝ ይጨምሩበታል። ኩልፊ ይሉታል። በትንንሽ ቆርቆሮ አድርገው፣ በረዶና ጨው የሞላ ባልዲ ውስጥ ይቀብሩታል። እኛ ልጆቹ ባልዲውን ከበን እንጠብቅ ነበር።

እኔ፦ ጨው የሚጨመርበት በረዶ ራሱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ፍሪዘር የሌለው ሰው በዚያ ማቀዝቀዝ ይችላል። የሚገርመው ወተቱን ማኮማተራቸው ነው። ወተት ከመቶው 87 እጅ ያህሉ ውሃ ነው። ያ ውሃ ነው ትልልቅ ቅንጣት ሠርቶ ምላስ ላይ እንደ አሸዋ የሚከረክረው። ውሃው ሲተን ቅባቱና ፕሮቲኑ ስለሚበዙ ቅንጣቱ ለማደግ ቦታ አያገኝም።

እትዬ ብርቄ፦ ግማሽ ድረስ ግን አታድርሺው። ለልጆች ይከብዳል፣ ጋዙም ያልቃል። ከሦስት እጅ አንዱ ሲጎድል በቂ ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አሁን ስኳሩን አምጪ፤ ለዚህ ወተትና ለሁለት ትልልቅ ማንጎ 130 ግራም ያህል። ጨው ደግሞ በሁለት ጣት ቁንጥር።

እኔ፦ ጨውም?

እትዬ ብርቄ፦ ማንጎውን ያነቃዋል። ሳትቀምሺው አታምኚኝም። ከዚያ አንድ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በቀዝቃዛ ወተት አሟሚና ጨምሪበት፣ አንድ ሁለቴ ሲንተከተክ ይወፍራል። ውሃውን ይይዝልሻል። ወተትሽን ብዙ ያኮማተርሽ ቀን እሱን ተዪው።

ድስቱ ከምድጃው ወርዶ ቀዝቃዛ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ተቀመጠ። ማንጎዎቹ የኤረር ናቸው አሉኝ። ልጣጩን ገፈው፣ ሥጋውን በጁስ መፍጫ ሳይሆን በወንፊት ላይ በማንኪያ ጀርባ ያሹት ጀመር። የማንጎ ጭራ ልጅ ጥርስ መሃል ሲገባ ጀላቲውን ይጥለዋል ብለው ያምናሉ። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ጭራ ሳይ እኔም አመንኩ። ግማሽ ኪሎ ገደማ ወርቅ የመሰለ ንጹሕ ማንጎ ወጣ።

እኔ፦ ፎርማ ግን የለኝም። የላስቲክ ፎርማ ሱቅ ፈልጌ አጣሁ።

እትዬ ብርቄ፦ የሻይ ብርጭቆ የሌለው ቤት አለ? አፉ ሰፋ፣ ታቹ ጠበብ ያለ ከሆነ እንደ ፎርማ ነው። የእርጎ ኩባያም ይሆናል። ግን እስከ አፉ አትሙዪው፤ አንድ ጣት ተዪለት። ያብጣል።

እኔ፦ ውሃ በረዶ ሲሆን ከመቶ 9 እጅ ያህል ይጨምራል። ጠርሙስ የሚሰነጥቀውም እሱ ነው።

እትዬ ብርቄ፦ እንጨቱን ደግሞ አሁን አታስገቢው፣ ይንጋደድብሻል። መጀመሪያ ከላይ ሲያዝ፣ አንድ ሰዓት ወይም ሰዓት ተኩል ቆይተሽ፣ መሃሉ ላይ ትሰኪዋለሽ። ከቸኮልሽ ብርጭቆውን በፎይል ሸፍነሽ፣ ፎይሉን በስተሽ እንጨቱን በቀዳዳው አቁሚው። ይሄን እንጨት መስካት ግን መጀመሪያ ያሰበው ማን ይሆን?

እኔ፦ ልጅ ነው ይባላል። አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 ፍራንክ ኤፐርሰን የሚባል የ11 ዓመት ልጅ ጣፋጭ መጠጥ ሲበጠብጥበት የነበረውን እንጨት ብርጭቆው ውስጥ ረስቶ ውጭ ያሳድረዋል፤ ሌሊቱ በረዶ ነበርና ጠዋት ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ አገኘው። አድጎ በ1924 የባለቤትነት መብት ወሰደበት። እኔን ደስ የሚለኝ ግን የሜክሲኮዎቹ ነው። ፓሌታ ይሉታል፤ የውሃና የወተት ብለው ለሁለት ይከፍሉታል፣ ልክ እርስዎ ብርቱካኑን ከወተቱ እንደለዩት። ሚቾአካን በሚባለው ግዛት ቶኩምቦ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ሰዎቿ በየአገሩ ፓሌታ ቤት ከፍተው ስለኖሩ መግቢያዋ ላይ ለጀላቲ ትልቅ ሐውልት አቁመዋል።

እትዬ ብርቄ፦ ለጀላቲ ሐውልት? ይገባዋል።

ብርጭቆዎቹን ሞላን፤ 15 ሆኑ። ፍሪዘሩ ውስጥ ከሥር፣ ግድግዳው ጋ አስጠግተው ደረደሯቸው። ያ የፍሪዘሩ በጣም የሚበርድ ቦታ ነው፤ ቶሎ የቀዘቀዘ ነገር ደግሞ ቅንጣቱ ደቃቅ ይሆናል። ትኩስ ነገር አጠገባቸው እንዳይገባ ለቤት ሠራተኛዋ ተነገራት። እኔ ወደ ቤቴ ሄጄ አሥር ሰዓት ላይ ልጆቹን ይዤ ተመለስኩ። እነሱ ግቢው ውስጥ ሲሯሯጡ እኛ በረንዳው ላይ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን።

እኔ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሰኔ ጾም እየመጣ ነው። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ ልጹም ብላለች። ወንድሟ የወተት ጀላቲ ሲበላ ለእሷ ምን ላድርግላት?

እትዬ ብርቄ፦ አይ የኔ እናት፣ የጾም ወተት አጥተሽ ነው? ሱፍ ምን ሆኖ! ሱፉን ታምሺዋለሽ፣ ትወቅጪዋለሽ፣ ለብ ባለ ውሃ አሽተሽ በነጠላ ጨርቅ ታጠልዪዋለሽ። ነጭ ሆኖ፣ ቅባት ያለው ወተት ነው የሚወጣልሽ። ከበሰለ ሙዝና ከስኳር ጋር አድርጊው። ቴምር ካለሽ ደግሞ ስኳሩን ተዪው።

እኔ፦ ቅባቱ እንደ ወተቱ ቅባት ቅንጣቱን ያደቀዋል … ለፍትፍት እንጂ ለጀላቲ አስቤው አላውቅም።

እትዬ ብርቄ፦ አቮካዶም የጾም ነው። ከስኳርና ከሎሚ ጋር ፈጭተሽ። ሎሚውን አትርሺ፣ አለበለዚያ ይጠቁርብሻል። ጁስ ቤት እንሠራው እንደነበረው ስፕሪስ በጀላቲም ይሆናል፦ ታቹን አቮካዶ፣ ሲያዝ ማንጎ፣ ሲያዝ ደግሞ የፓፓያ፤ የጾሙ ወተት ስለሌለው ፓፓያው ጥሬ ቢሆን ግድ የለም። ከላዩ ጥቂት ቪምቶ። አንዱ ሳይይዝ ሌላውን ካፈሰስሽ ግን ይዋሃድና ቀለሙ ጭቃ ይመስላል። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በየንብርብሩ አንድ ሰዓት።

እኔ፦ በዚህ ከተማ የግመል ወተትስ? ጠዋት ጠዋት የሶማሌ ሴቶቹ ይዘውት ሲመጡ አያለሁ።

እትዬ ብርቄ፦ እሱን ለራሴ ነው የምሠራው። ዕቃውን ስለሚያጥኑት የጢስ ሽታ አለው፣ ልጅ ላይወደው ይችላል። በቴምር ይጥማል። እሱንም አፈላዋለሁ። እነሱ አይወዱትም፣ «ጥሬውን ጠጪ» ይሉኛል፤ እኔ ግን አፈላዋለሁ።

እኔ፦ ልክ ነዎት። ግመልም ብሩሴሎሲስ ይይዛታል።

ይህን ስንባባል የፍሪዘሩ ማጉረምረም ቆመ። ሁለታችንም ዞር ብለን አየነው።

እኔ፦ መብራት ሄደ!

እትዬ ብርቄ፦ አትክፈቺው። ያልተከፈተና የሞላ ፍሪዘር ብርዱን ይዞ ይቆያል። አንድ ሰው «እስቲ ልየው» ብሎ ሲከፍት ነው የሚጠፋው። ቀልጦ፣ መብራቱ ሲመለስ በድጋሚ ያዘ ብለሽ እንዳትሰጫቸው። አንደኛ ቅንጣቱ ያድጋል፣ ይከረክራል። ሁለተኛ በሞቀበት ሰዓት ምን እንደገባበት አታውቂም። የቀለጠውን መልሰሽ አፍልተሽ ለሙቅ አድርጊው፤ ወይም ወዲያው ጁስ አድርገሽ አጠጫቸው። እኔ ጁስ ቤት እያለሁ መብራት ስንት ሰዓት ላይ እንደሄደ ሁልጊዜ በሩ ላይ በጠመኔ እጽፍ ነበር።

እኔ፦ አሁን 10 ሰዓት ከ40 ነው።

እትዬ ብርቄ፦ ጻፊው። ጠመኔው ከላይ አለ።

ጻፍኩት። ልጆቹ መብራት መሄዱን ሰምተው በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ ብርቄ መብራቱ ከሄደ አንድ ሰዓት ሲሞላው አንዱን ብቻ፣ ከሥር ካሉት፣ በፍጥነት አውጥተው በሩን ዘጉት። ብርጭቆውን ለታናሹ ልጄ ሳይሆን ለትልቋ ሰጧት።

እትዬ ብርቄ፦ ያዥ። የቧንቧ ውሃ ለብ ያለ ነው፣ በዚህ ሙቀት ማሞቅ አያስፈልግም። እስከ አንገቱ ንከሪውና ሃያ ቁጠሪ። ከሃያ በፊት እንዳትስቢው፣ እንጨቱ ብቻውን ይወጣል።

ልጄ ቆጠረች። ወንድሟ አብሯት ቆጠረ፤ አሥራ አንድን ዘለለና ተመለሰ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ማንጎው ከብርጭቆው ለቀቀ፣ ጎኑ ላይ እንደ ጤዛ ነጭ ነገር ይዞ ወጣ። እሷ ለወንድሟ ሰጠችው። እሱ ነከሰው፤ ጥርሱ ገባ።

እትዬ ብርቄ፦ ስኳሩ?

«ትንሽ ነው የሚጣፍጠው» አለ፣ ሁለተኛ እየነከሰ።